«ዓመት ሞልቶናል» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ በቨርጂኒያ የኢን-ስቴት ክፍያ የሚያስገኘው ምንድን ነው?

[ስክሪን ላይ፦ የቨርጂኒያ ካርታ፤ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስና ዉድብሪጅ ምልክት ተደርጎባቸው]

«ቨርጂኒያ ከገባን ዓመት አልፎናል፤ ታዲያ ልጃችንን ለምን አውት-ኦፍ-ስቴት አሏት?»

ኢን-ስቴት ማለት የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው ዝቅተኛው የኮሌጅ ክፍያ ነው፤ አውት-ኦፍ-ስቴት ደግሞ ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ የሚጠየቀው ከፍተኛው። ይህን የሚጠይቅ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ቤተሰቡ የሚቆጥረው ዕቃውን ካወረደበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ወረቀቱ መመስከር ከጀመረበት ቀን ይነሳል። በሁለቱ መካከል ስድስትና ሰባት ወር ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ ያ ልዩነት ደግሞ የአንድ ዓመት ክፍያ ያስከትላል። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የአውት-ኦፍ-ስቴት ተማሪ የሚከፍለው የነዋሪውን ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ቢሆን በክሬዲት እጥፍ ገደማ ያስከፍላል።

[ስክሪን ላይ፦ ዶሚሳይል]

የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠቀምበት ቃል «ዶሚሳይል» ነው። ከአድራሻ ይለያል። አንድ ሰው ሁለት ሦስት አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ ዶሚሳይሉ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ኑሮዬ ብሎ የተቀመጠበት፣ ወደ ሌላ ስቴት የመመለስ ዕቅድ ሳይኖረው ለመቅረት ያሰበበት ቦታ ማለት ነው። ይህ ሁኔታ ትምህርት ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይቋረጥ መቆየት አለበት። እንበልና ትምህርቱ ኦገስት 24 ቀን 2026 ቢጀመር፣ ዶሚሳይሉ ከኦገስት 24 ቀን 2025 በፊት የቆመ መሆን አለበት። ለትምህርት ብቻ ብሎ የመጣ ሰው ግን ዓመት ቢቀመጥም ዶሚሳይል አላገኘም።

ሐሳብ በልብ ያለ ነገር ነውና የዩኒቨርሲቲው መርማሪ የሚያየው ድርጊትን ነው፤ የገቢ ታክስ የት እንደተከፈለ፣ መንጃ ፈቃዱ የየት ስቴት እንደሆነ፣ መኪናው የት እንደተመዘገበ፣ ሥራው፣ የቤት ኪራይ ውሉ ወይም የተገዛው ቤት። አንዱ ብቻውን አይወስንም፤ ሁሉም ተደምሮ ነው የሚመዘነው። ስለዚህ አንዱ ወረቀት ሌላውን ሲቃረን ነው ፋይሉ የሚወድቀው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያጣላው ታክስ ነው። በዓመቱ አጋማሽ ከጆርጂያ ወይም ከሚኒሶታ የመጣ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ለቨርጂኒያ 760 ፒዋይ በተባለው የከፊል ዓመት ነዋሪ ፎርም ፋይል ማድረግ ይጠበቅበታል። ፎርሙ ነዋሪነቱ የጀመረበትን ቀን ይጠይቃል፤ ያ ቀን ራሱ ማስረጃ ነው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ግምቱን እንዳይጽፍ ትክክለኛውን ቀን ንገሩት። በድሮው ስቴት እንደ ሙሉ ዓመት ነዋሪ ከተሞላ፣ «እስከ ዲሴምበር እዚያ ነበርን» ብላችሁ ፈርማችኋል ማለት ነው።

[ስክሪን ላይ፦ የደመወዝ ቼክ፤ የስቴት ታክስ መስመሩ ተከቦ]

የዲሲ አካባቢ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ቨርጂኒያ እየኖረ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በስቴቶቹ ስምምነት መሠረት የደመወዙን ታክስ የሚከፍለው ለሚኖርበት ለቨርጂኒያ ነው። ነገር ግን አሠሪው ካልተነገረው ለሜሪላንድ ሊቆርጥ ይችላል። ቼካችሁ ላይ «ኤምዲ» የሚል ቅናሽ ካያችሁ ዛሬውኑ የሰው ኃይል ክፍሉን አነጋግሩ፤ ለሜሪላንድ ኤምደብልዩ 507፣ ለቨርጂኒያ ቪኤ-4 የተባሉትን ፎርሞች ትሞላላችሁ። የተቆረጠው ገንዘብ በታክስ ወቅት ይመለሳል። የዓመት ሙሉ የሜሪላንድ ቼክ ግን ፋይል ውስጥ ሲገባ ማብራሪያ ይጠይቃል።

መኪናና መንጃ ፈቃድ ቀላል ናቸው፤ ስለዚህም ይረሳሉ። አዲስ ነዋሪ መኪናውን በ30 ቀን፣ መንጃ ፈቃዱን በ60 ቀን ውስጥ ወደ ቨርጂኒያ ማዞር አለበት። ኢንሹራንሱ እዚያ ይረክሳል ተብሎ ታርጋው በዘመድ አድራሻ ሌላ ስቴት የሚቆይበት ጊዜ አለ። በወር የተረፈችው ብር ከትምህርት ክፍያው ልዩነት ጋር አትወዳደርም። የማይነዳ ሰው የስቴት መታወቂያ ያውጣ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። ከማስረጃዎቹ አንዱ የመራጭነት ምዝገባ ነው፤ ይህ ግን ለአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድና መታወቂያ ወደሚሰጠው ዲኤምቪ ስትሄዱ ዜጋ መሆናችሁንና መመዝገብ መፈለጋችሁን ይጠይቋችኋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው «ማስረጃ ይሆነኛል» ብሎ አዎ ካለ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገሩ ነው፤ ከአገር እስከ ማስወጣት ያደርሳል። ዜጋ ያልሆነ አመልካች ያንን ሣጥን ባዶ ቢተወው ማንም አይቀጣውም።

[ስክሪን ላይ፦ 24 ዓመት]

አሁን ደግሞ የማን ዶሚሳይል ነው የሚታየው? ተማሪው ከ24 ዓመት በታች ከሆነ ሕጉ በወላጆቹ ሥር እንዳለ ቆጥሮ ይነሳል፤ ስለዚህ የሚመረመረው የእናትና የአባት ወረቀት ነው። ያገባ፣ በውትድርና ያገለገለ፣ ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበት፣ የሚያስተዳድረው ልጅ ያለው፣ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሆነ በራሱ ይታያል።

የኛን ሰው በብዛት የሚያስቸግረው አጎት ወይም አክስት ዘንድ የሚኖር ወጣት ነው። አክስት ቨርጂኒያ 15 ዓመት ኖራ ይሆናል፤ ዶሚሳይሏ ግን ለወንድሟ ልጅ በቀጥታ አይተላለፍም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ሞግዚትነት ማውጣትም አቋራጭ አይሆንም፤ ሞግዚትነቱ የተፈጠረው በዋናነት ዶሚሳይል ለማስገኘት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለ ሕጉ አይቀበለውም። ከወላጆቹ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወጣት በእውነት ራሱን እንደቻለ ማሳየት አለበት፤ የራሱ ሥራ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ የራሱ ታክስ። ወላጅ ታክሱ ላይ ዲፔንደንት፣ ማለትም በእሱ የሚተዳደር፣ አድርጎ ካስገባው ክርክሩ እዚያው ይቆማል። ቤቱ በአክስት ስም ከሆነም በኖተሪ ፊት የተፈረመ ደብዳቤ ይረዳል፤ ብቻውን ግን ደካማ ነው፤ በዚያ አድራሻ የሚመጣ የደመወዝና የባንክ ወረቀት አያይዙበት።

የኢሚግሬሽን ሁኔታም ይታያል። ዜጋ፣ በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጣ የግሪን ካርድ ባለቤት፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ዶሚሳይል መመሥረት ይችላል። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን አሥር ዓመት ታክስ ቢከፍል አይችልም፤ ቪዛው ራሱ «እመለሳለሁ» ብሎ የተሰጠ ነውና።

ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለም በኮሌጅ ፓርክና በሌሎቹ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ የ12 ወር መስፈርት ይገጥመዋል። የሞንጎመሪ ኮሌጅ ክፍያ ሦስት ደረጃ አለው፤ የካውንቲው ነዋሪ ትንሹን፣ የሌላ ካውንቲ ሰው መካከለኛውን፣ ከስቴት ውጭ ያለው ትልቁን ይከፍላል። ስለዚህ እዚያ ካውንቲ መቀየርም ዋጋ አለው።

[ስክሪን ላይ፦ የማመልከቻ ቅጽ]

ወደ ቨርጂኒያ እንመለስ። የኢን-ስቴት ቅጹ ከመግቢያ ማመልከቻው ጋር ይሞላል፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ቢሆን ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ቅጹን፣ ፋፍሳውን (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን) እና ታክሱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ቀኖቹ አንድ መሆናቸውን እዩ፤ ፋፍሳም የወላጅን ስቴት ይጠይቃል። አንዴ አውት-ኦፍ-ስቴት ተብሎ የተመደበ ተማሪ በዚያው እንደሚቀጥል ይገመታል፤ ለመቀየር ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይዞ፣ ሴሜስተሩ ሳይጀመር ማመልከት አለበት። ያለፈው ሴሜስተር ክፍያ ወደ ኋላ አይስተካከልም።

እምቢ ከተባላችሁ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የይግባኝ ደረጃዎች አሉ። የመጨረሻው ውሳኔ በጽሑፍ ከደረሳችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ሰርኪት ኮርት ወደሚባለው የስቴቱ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ዳኛው ግን ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰማም፤ ዩኒቨርሲቲው በፋይሉ ላይ ተመሥርቶ በዘፈቀደ ወይም ከሕግ ውጭ መወሰን አለመወሰኑን ብቻ ነው የሚያየው። የኪራይ ውሉንም፣ 760 ፒዋዩንም፣ የተስተካከለውን የደመወዝ ቼክም የምታስገቡት ጉዳዩ ገና ዩኒቨርሲቲው እጅ እያለ ነው።