ቢላል የሚለው ስም ከየት መጣ? ትርጉሙስ?

[ምስል፦ ኳላ ላምፑር፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የአዛን ድምፅ]

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። ማሌዥያ ውስጥ መስጊድ ገብታችሁ «ቢላሉ የት አለ?» ብትሉ፣ ቢላል የሚባል ሰው ፍለጋ አይሄዱላችሁም። አዛን፣ ማለትም የሶላት ጥሪ፣ የሚያደርገውን ሰው ነው የሚያሳዩአችሁ፤ በማላይ ቋንቋ ሙአዚኑ ራሱ «ቢላል» ነው የሚባለው። የአንድ ሰው ስም እንዴት የሥራ መጠሪያ ሆነ? ዛሬ እሱን እናያለን።

ትርጉሙን ቶሎ እንጨርሰው። ስሙ ዐረብኛ ሲሆን ማራስ፣ ማርጠብ ከሚል ግሥ የመጣ ነው። ቢላል ማለት ጉሮሮ የሚያርስ ነገር ነው፤ ውሃም ይሁን ወተት። ዐረቦች ዝምድናንም በዚሁ ቃል ይገልጹታል፦ ዘመድ ሲጠየቅ ይርሳል፣ ሲረሳ ይደርቃል። ቆንጆ ትርጉም ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ልጁን ቢላል የሚል ወላጅ ውሃ አስቦ አይደለም። ሰውየውን አስቦ ነው።

[ምስል፦ የመካ ተራሮች፣ የቀትር ፀሐይ]

ቢላል ኢብን ረባሕ በ6ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ መካ ውስጥ በባርነት ተወለደ። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ነበረች፤ «ቢላሉል ሐበሺ» መባሉም ለዚሁ ነው። ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ የመካ ኃያል ጎሣ ከሆነው ከቁረይሽ ትልልቅ ሰዎች አንዱ ነበር። ቢላል መስለሙን ሲሰማ፣ ቀትር ላይ የጋለ አሸዋ ላይ በጀርባው እያስተኛ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ያስጭንበት ጀመር። ካድ ሲባል ከአፉ የምትወጣው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «አሐድ፣ አሐድ»፤ አንድ ነው፣ አንድ። በኋላ አቡ በክር ገዝቶ ነጻ አወጣው።

ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው መዲና ከገቡ በኋላ ሰው ወደ ሶላት በምን ይጠራ የሚል ምክክር ተነሣ። ደወል ያለም፣ ቀንደ መለከት ያለም ነበር። የአዛኑን ቃላት በሕልሙ የሰማው ግን ዐብደላህ ኢብን ዘይድ የሚባል ሶሐባ፣ የነቢዩ ባልደረባ፣ ነው። ሕልም ያየ ሰው ራሱ ይጥራ አልተባለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት፤ ድምፁ ካንተ ይበልጣል ብለው። ሱብሒ (የንጋት ሶላት) ላይ የምንሰማት «ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል» የምትለዋ ሐረግም ከእሱ እንደተጀመረች ይተረካል።

እዚህ ላይ አንድ ተረት እናጥራ። ቢላል «ሽ» የሚባለውን የዐረብኛ ፊደል «ሺን»ን መጥራት አቅቶት፣ አዛን ላይ «አሽሀዱ»ን (እመሰክራለሁ) «አስሀዱ» ይል ነበር ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ኢብን ከሲርን የመሰሉ ሊቃውንት መሠረት የለውም ብለውታል። ለድምፁ ተብሎ የተመረጠን ሰው አፈ ኮልታፋ ማድረግ ምን ይሉታል?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር 630 መካ በሙስሊሞች እጅ ስትገባ ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን ያለው እሱ ነው። ኡመያ ይህን አላየም፤ ከስድስት ዓመት በፊት በበድር ጦርነት ተገድሏል።

[ምስል፦ የጥንት ዐረብኛ የብራና ጽሑፍ]

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ቢላል ኢብኑል ሓሪስ የሚባል ሌላ ሶሐባም ስለነበረ፣ ስሙ ከድሮም በዐረቦች ዘንድ ነበረ። እኔን የሚገርመኝ ግን የዑመር ልጅ የዐብደላህ ነገር ነው። አባቱ ኸሊፋ፣ ቤቱ የቁረይሽ ቤት ሆኖ፣ ዐብደላህ ከወንዶች ልጆቹ አንዱን ቢላል አለው። አንድ ገጣሚ ያንን ልጅ ሲያወድስ «ከቢላሎች ሁሉ የሚበልጠው የዐብደላህ ልጅ ቢላል ነው» ቢል፣ አባትየው «ዋሸህ» አለው፤ «የሚበልጠው የረሱል ቢላል ነው»። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢብን ማጃህ ዘግቦታል። ቁረይሾች ድንጋይ ሲጭኑበት የነበረ ባሪያ ስም፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ቁረይሾች ራሳቸው ለልጆቻቸው የሚያወጡት ሆነ ማለት ነው። የስሙ ዝና የሚጀምረው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ቱርክ ገባ፣ ፓኪስታን ገባ፣ ቱኒዝያና አልጄርያ ላይ «ቢለል» የሚሉትም አሉ። የሞሮኮ ግናዋዎች፣ ከጥቁር አፍሪካውያን የወረዱ የመንፈሳዊ ዜማ ሰዎች፣ ሲዲ ቢላልን እንደ መንፈሳዊ አባታቸው ያዩታል። የማሊ ኬይታ ነገሥታት፣ የማንሳ ሙሳ ቤት ማለት ነው፣ ዘራቸውን ሲቆጥሩ እሱ ዘንድ ያደርሱታል። ከጊኒ በባርነት ተወስዶ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሳፔሎ ደሴት ላይ የኖረ ቢላሊ ሙሐመድ የሚባል ሰው ደግሞ 13 ገጽ የዐረብኛ ጽሑፍ ትቶ አልፏል። እዚያው አሜሪካ በ1975 የጥቁር ሙስሊሞች ጋዜጣ ስሙን ለውጦ «ቢላሊያን ኒውስ» ሲባል፣ አንባቢዎቹም ራሳቸውን «ቢላሊያን» እያሉ ይጠሩ ነበር። ፈረንሳዊው እግር ኳስ ተጫዋች ፍራንክ ሪቤሪም ሲሰልም የመረጠው ቢላልን ነው።

[ምስል፦ መንዙማ፣ ድቤ፣ ጭብጨባ]

እኛ ዘንድ ስሙ ከሌላው አገር የተለየ ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ሙስሊም «የነጃሺና የቢላል አገር» ሲል አንዱ ስደተኛ የተቀበለ ንጉሥ፣ ሌላው በስደት ምድር የተጣራ ድምፅ ነው። በመንዙማም በሰርግም ስሙ ይነሣል። «ሐበሺ» የሚለው ቅጥያ አብሮት ስለሚሄድ፣ ዐረብ አገር የሚሠራ ልጃችን ከየት ነህ ሲባል «ከቢላል አገር» ብሎ መመለስ ይችላል።

ስሙን ለልጃችሁ ለምታስቡ አንድ ነገር ልበል። በቁልምጫ ቢሌ በሉት፣ ቢላልዬ በሉት። ማሳጠር ቢያምራችሁ ግን አደራ፣ «ቢላ» እንዳትሉት፤ ትምህርት ቤት ሲገባ አይለቁትም።