ፐርሚት ላይ ያለች ልጅና የኢንሹራንስ ሂሳብ

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ መኪና ኢንሹራንስ ነው። አውቃለሁ፣ ርዕሱ እንቅልፍ ያመጣል። ግን ቤታችሁ ውስጥ የመኪና ቁልፍ ላይ ዓይኑን የጣለ ጎረምሳ ካለ አትዝጉኝ።

እኛ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ልጅ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሞላው ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ፣ ማውጣት ይችላል። ከዚያ ቢያንስ 9 ወር ይዞት ይቆያል። በነዚህ ወራት 45 ሰዓት መንዳት አለበት፣ 15ቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ነድቷል ብለን የምንፈርመው እኛ ወላጆች ነን። ላይሰንሱ፣ ዋናው መንጃ ፈቃድ፣ ቢፈጥን ቢፈጥን በ16 ዓመት ከ3 ወር ነው የሚመጣው።

ልጄ ፐርሚቷን ያወጣች ሰሞን ሰው ሁሉ የኢንሹራንስ አዋቂ ሆነብኝ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንዷ፣ "ስሟን ጭራሽ እንዳታስገቢ" ትለኛለች። ሌላው፣ "አድራሻዋን ራቅ ያለ ዘመድ ቤት አድርጊው፣ እዚያ ርካሽ ነው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ "መኪና በስምሽ ግዢላት፣ ዋናዋ ነጂ አንቺ ነሽ በይ" ባይ ነው። ሁሉም በቅንነት ነው የሚመክሩኝ። ሁሉም ግን ገደል ነው የሚከቱኝ። ኢንሹራንስ ስትገዙ ቤታችሁ ውስጥ ለመንዳት የደረሰ ማን አለ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ብትዋሹ በየወሩ ስትከፍሉ ማንም አይጠይቃችሁም። ገንዘባችሁን ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። ፋይሉ የሚገለጠው አደጋ የደረሰ ዕለት ነው። ያን ጊዜ "አንከፍልም" የሚባል ነገር ይመጣል።

ምክሩ ከየት እንደሚመነጭ ግን ይገባኛል። አገር ቤት ሦስተኛ ወገን የመኪናው ነገር ነው። የመኪናው ዓይነትና የሚሠራው ሥራ ይታያል፣ ይከፈላል፣ ወረቀቷ የፊት መስታወት ላይ ትለጠፋለች፣ አለቀ። መሪውን የጨበጠው አንጋፋ ሾፌር ይሁን ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ፣ ለሦስተኛ ወገን ክፍያው ለውጥ የለውም። እዚህ ዋጋው ሰውዬውን ነው የሚከተለው። ዕድሜውን፣ ስንት ዓመት እንደነዳ፣ የትራፊክ ቅጣቱን፣ እዚህ ቨርጂኒያ ክሬዲቱን፣ የብድር አከፋፈል ታሪኩን፣ ጭምር ያያሉ። ለወጣት የሚያስወድዱትም በክፋት አይደለም። በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ፣ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆች ሕይወት የሚጠፋበት አደጋ የሚደርስባቸው 20 ዓመት ከሞላው ሰው ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። እናት ሆኜ ይህን ሳነብ ስለ ዋጋው ማሰብ ለጊዜው ተውኩት።

ኤጀንታችን ሐበሻ ነው። ደወልኩለት። "እህቴ፣ ፐርሚት ላይ እስካለች ጭማሪ የለብሽም፣ ግን አሁኑኑ እናስመዝግባት" አለኝ። ብዙ ኩባንያዎች እንዲህ ናቸው፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ስለዚህ የራሳችሁን ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ቀጥዬ፣ "ላይሰንስ ስታወጣስ?" አልኩት። አዲሱ ኤስዩቪ ላይ አስገብቶ አሰላና ቁጥሩን ነገረኝ። ዝም አልኩ። "አለሽ፣ እህቴ?" አለኝ። አለሁ፣ ግን የት እንዳለሁ እንጃ። የቤታችን ክፍያ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

"አሮጌዋ ኮሮላ ላይስ?" ስለው በደንብ ወረደ። እንደኛ ኩባንያ ልጁን ለአንድ መኪና የሚመድቡ አሉ፣ ሁሉንም ደምረው የሚያካፍሉም አሉ። ይህንንም መጠየቅ ነው። የኮሮላዋ ዕዳ ተከፍሎ ስላለቀ ደግሞ ኮሊዥኑን፣ ስትጋጭ ለራሷ ጉዳት የሚከፍለውን ሽፋን፣ አወጣነው። አርጅታለች፣ ብትጋጭ የሚከፍሉን ገንዘብ ያን ያህል አይደለም። ባንክ ዕዳ ያለበት መኪና ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

ያልነካሁት ላያቢሊቲውን ነው፣ በሌላ ሰውና ንብረት ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚከፍለውን ሽፋን። ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ ዝቅተኛውን ከፍ አድርጋዋለች። ለአንድ ለተጎዳ ሰው 50 ሺህ ዶላር፣ ለአደጋው በጠቅላላ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ። ብዙ ይመስላል። 395 አውራ ጎዳና ላይ ስትነዱ ግራ ቀኝ እዩ እስቲ። በ25 ሺህ የሚተካ ስንት መኪና አለ? የጎደለውን ሰውየው ከኛ ነው የሚጠይቀው። ጀማሪ ነጂ ያለበት ቤት እዚህ ላይ መቆጠብ የለበትም ባይ ነኝ። ከዚህ ከመቀነስ ዲዳክቲብሉን፣ የራሳችን መኪና ሲጎዳ መጀመሪያ ከኪሳችን የምንከፍለውን፣ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ኡበር ወይም ታክሲ ለምትሠሩ አባቶች አንዲት ነገር ልበል። በየሰፈሩ ልጆች የሚለማመዱት በአባታቸው የሥራ መኪና ነው። የታክሲ ኢንሹራንስ ስሙ የተመዘገበውን ሾፌር ነው የሚያውቀው። ኡበር ላይ ያለ መኪናም ውሉ ለየት ሊል ይችላል። ከልጁ ጋር ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ስልክ ደውሉ።

አሁን የኔ ሐሳብ ያለበት ቦታ ደረስን። ርካሹ ጊዜ ይሄ የፐርሚት ጊዜ ነው። ጭማሪ የለም፣ አጠገቧ ትልቅ ሰው አለ፣ ትማራለች። ታዲያ ምን ያስቸኩላል? 9 ወር ማለት ትንሹ ነው እንጂ ቀነ ገደብ አይደለም። እኛ ክረምቱን ጨመርንበት። በዝናብ ነዳች። ማታ ኮሎምቢያ ፓይክን ወጣች ወረደች። ሰቨን ኮርነርስን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መንገዱ ሁሉ እዚያ ተጋጭቶ ነው የሚለያየው። መጀመሪያ የገባችበት ቀን መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ "ማሚ፣ የቱ መብራት ነው የኔ?" አለችኝ። እኔም አላወቅኩትም። አሁን ሬዲዮ እያዳመጠች ታልፈዋለች። እሷ ግን በዚህ ሐሳብ አትስማማም። "ጓደኞቼ ሁሉ ላይሰንስ አላቸው" ነው መዝሙሯ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ እዚህ ቋሚ ላይሰንሱን የሚቀበለው ፍርድ ቤት ነው፣ ዳኛ ፊት፣ ከወላጁ ጋር። ታዲያ ወላጅ እስከዚያ ቀን ምንም የለም ብሎ ይቀመጣል። ግን የመንዳት ፈተናውን ሲያልፍ አሠልጣኙ የሚሰጠው ወረቀት ራሱ ለ180 ቀን የሚሠራ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ነው። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ይነዳል። ኢንሹራንሱ ጋ መደወል ያለባችሁም ያን ዕለት ነው።

ቅናሾቹን በፍጥነት ልጥቀስ። የልጁ የትምህርት አማካይ ውጤት ቢ ከሆነ ቅናሽ አለ፣ ግን ትራንስክሪፕቱን ካልላካችሁ ማንም አያስታውሳችሁም። አነዳዱን የሚከታተለው የስልክ አፕም አለ። ድንገት ፍሬን መያዝን፣ ስልክ መነካካትን፣ ሌሊት መንዳትን ይመዘግባል። ከመጫናችሁ በፊት ዋጋ ሊያስጨምርም ይችል እንደሆነ ጠይቁ። የኛዋ "ስለላ ነው" ብላ አኩርፋ ነበር። የሚቀንሰውን ብር ግማሹን እሰጥሻለሁ ስላት ራሷ ጫነችው።

ልጁ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ኮሌጅ ከገባና መኪናውን ቤት ከተወ ደግሞ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ይቀንሳሉ። ሩቅ ያለችው የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ብላክስበርግ፣ ብትሄድ ቅናሹ አለ። እሷ የምትፈልገው እዚሁ ቅርባችን ያለውን ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲን ነው፣ ከቤት እየተመላለሰች። እናትነቴ እዚሁ ቅሪ ይላል፣ ሂሳቡ ብላክስበርግ ይላል። አባቷ እስካሁን ድምፅ አልሰጠም።

በሉ ለዛሬ ይብቃኝ። ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የናንተ ደንብ ይለያል፣ ልምምዱ ራሱ 60 ሰዓት ነው። የናንተን ተሞክሮ በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ። ደህና ሁኑ።