ሦስተኛው ክር ረግቧል
(ደሴ፣ በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ሙዚቃ ትምህርት ጥቅም እንድናገር አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ይህንን ለወሎ ሰው ማስረዳት ለሐይቅ ዓሣ አጥማጅ ስለ ውሃ እንደ መንገር ነው። ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃችን ቅኝቶች አንዱ አምባሰል፣ አንዱ ባቲ ይባላል፤ ሁለቱም የጎረቤት አካባቢዎቻችን ስም ነው። ልጆቻችን ግን ሲዜም ሰምተው አንዱን ከሌላው አይለዩም።

እዚሁ ግቢ ማስተማር ስጀምር ስድስት ክራር ተረከብኩ፤ አንዱም ሙሉ ክር አልነበረውም። ክር እንዲገዛ ብጠይቅ «በጀቱ ለኳስ ነው» ተባልኩ። (ኳሱም አልተገዛም።) ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዛሁ፤ ሌሊቱን ስወጥር አደርኩ።

ከተማሪዎቼ አንዱ ሁለት ደቂቃ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነበር። መቃኘት ደግሞ ችኮላ አይወድም፤ ክሩን ጠበቅ አድርገህ ታዳምጣለህ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ታስተያያለህ፣ ሲበዛ ታላላለህ። ትዝታ ከሚባለው ቅኝት ወደ ባቲ ለመሻገር እንደገና ትጀምራለህ። ያ ልጅ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ይቃኝ ነበር።

አንድ ቀን አባቱ መጡ። «ሐኪም ይሆናል ያልኩትን ልጅ አዝማሪ ልታደርገው ነው?» ብለው ጮኹብኝ። ልጁ ከኋላዬ ክራሩን ይነካካል። አባት ቁጣቸውን አቋረጡና «ሦስተኛው ክር ረግቧል» አሉት። እኔ መምህሩ አልሰማሁትም! ጠጋ ብዬ ብሞክረው እውነትም ረግቧል። «ጋሼ፣ ማን አስተማረዎት?» አልኳቸው። ኮፍያቸውን አጥልቀው ወጡ። ልጁን ግን አላስቀሩትም።

በዚህ አዳራሽስ ስንት አባት ጆሮውን ደብቆ ተቀምጧል? ሠርግ ላይ አዝማሪው ሲያወድሰን ብር ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን፤ በማግስቱ ስሙን ለልጃችን መስደቢያ እናደርገዋለን። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ምን በደለን? ክራሮቹ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፈው ቢሆን ኖሮ አልቅሰን ዝም እንል ነበር። አልተዘረፉም። የቆለፍንባቸው እኛው ነን! ክፍለ ጊዜያቸውን ለሒሳብ ማጠናከሪያ የሰጠነውም እኛው ነን!

ሌላም ጥቅም አለው። አብሮ መጫወት ተራ መጠበቅን ያስለምዳል፤ መንዙማ በቃሉ የያዘ ልጅ ትምህርቱንም መያዝ አይከብደውም። መምህራን ታውቁታላችሁ፣ አልደጋግመውም። ሙያዬ ይሁን ለሚል አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለለት። እኔ የምለምነው ሐኪምና ነጋዴ ለሚሆኑት ነው።

የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው እዚሁ መካከላችን አለ። ክራሮቹ ላይ የተሰበረ ወንበር ተቆልሏል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት በሩ ላይ እገኛለሁ። ናይለኑን ገዝቻለሁ፤ ወንበሩን አብሮኝ የሚያወጣ ሰው እፈልጋለሁ።

አመሰግናለሁ።