ራቁት መደብ አይሸለም

ክቡር ሰብሳቢያችን፣ የኮሚቴ አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤

የተከላ ወቅት ከመግባቱ በፊት ከአባላት አንዱ እንዲናገር ማድረጋችን ጥሩ ልማድ ነው፤ ዘንድሮ ተራው ለእኔ ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «የአትክልት ቦታችን የዕለት ተዕለት ጥያቄዎች» የሚል ነው። ስለ ውሃም፣ ስለ ተባይም፣ ስለ ዘርም እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን የምለው አለኝ፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከእሱ ነውና ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

በሩን አልፈን ወደ ግራ ስንታጠፍ ያለውን ጥቁር ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠል የሚቃጠልበት ነው። ወቅቱ ሲያልቅ የደረቀ ቅጠሉ፣ የቲማቲም ግንዱ፣ የባቄላ ሐረጉ፣ የታረመው አረም ሁሉ እየተጠረገ እዚያ ይከመርና ክብሪት ይጫርበታል። ጭሱ ሲበርድ መደቦቹ ላይ አንዲት ቅጠል አትገኝም። በሳምንቱ ኮሚቴው ይዞራል፤ ከሁሉ ይበልጥ የተጠረገው መደብ «የወቅቱ ንጹሕ መደብ» ተብሎ ይሸለማል። ሽልማቱም አንድ ከረጢት ማዳበሪያ ነው። ያቃጠልነውን ነገር በከረጢት መልሰን እየተሸለምን ነው ማለት ነው!

ምን እንደምናቃጥል ልንገራችሁ። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ጋዝ ሆኖ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ለአፈሩ ትልና ለጥቃቅኑ ሕያው ሁሉ ምግብ ይሆን የነበረው ካርቦንም አብሮ ይሄዳል። የሚተርፈው አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም፣ ጥቂትም ፎስፈረስ አለው፤ እሱም ቢሆን አንድ ጥግ ላይ ተከምሮ ይቀራል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ የተከመረበትን አፈር አሲዳማነት ከልክ በላይ ይቀንሰዋል። ጭሱን ደግሞ እኛና ጎረቤቶቻችን እንተነፍሰዋለን።

ከአጥሩ ሥር መደብ የነበራቸውን እናት አብዛኞቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ጉልበታቸው ደክሞ መደቡን ለልጃቸው ካስረከቡ ቆይተዋል። ስማቸው በአደባባይ ሲነሣ ስለማይወዱ አልጠራውም። እኚህ ሴት እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ማልደው ይመጡና ከተከመረው ቅጠል በጆንያ እየሞሉ ይወስዱ ነበር። በችግኞቹ መካከል ያለውን ክፍት አፈር ሁሉ ይጎዘጉዙታል። አላፊ አግዳሚው «ምነው እማማ፣ ቆሻሻ ይሰበስባሉ?» ሲላቸው፣ «አፈሩም ይልበስ እንጂ» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ብዙም ሳይቆይ «መደብዎ ንጽሕና ስለጎደለው በአስቸኳይ ያጽዱ» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከማኅበራችን ደረሳቸው። አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ቅጠሉን ግን አላነሡም።

በዚያው ወቅት ነው ሙቀቱ የበረታው፣ ውሃውም በፈረቃ የሆነው። ጎናቸው ያለው መደብ በተደጋጋሚ የተሸለመ መደብ ነበር። አፈሩ ያው፣ የቲማቲም ችግኙም ከአንድ ሣጥን የተካፈሉት። ቀትር ላይ ሁለቱንም መደብ በእጄ ዳስሻለሁ። የተጠረገው አፈር ይፋጃል፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ጣት አያስገባም። የእሳቸውን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ ግን አፈሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ትሎቹ ብርሃኑን ሸሽተው ሲገቡ ይታያሉ። የጎረቤታቸው ቲማቲም በፈረቃው መካከል ይጠወልግና ውሃ ሲመጣ በአንዴ ይጠጣል። ፍሬዎቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ታችኛው ጫፋቸው እየጠቆረ ይበሰብስ ጀመር። ሰውየው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ረጨ። በሽታ አልነበረም። ፍሬ ካልሲየም የሚያገኘው ከሥር የሚመጣው ውሃ ተሸክሞለት ሲመጣ ነው፤ ውሃው ሲቆራረጥ ካልሲየም አፈሩ ውስጥ ሞልቶም ቢሆን ፍሬው ጋ አይደርስም። እማማ ውሃ የሚያጠጡት በዚያው ፈረቃ ነው። እርጥበቱ ግን ከቅጠሉ ሥር ሳይቋረጥ ይቆይላቸው ነበር፤ ቲማቲማቸውም አልጠቆረም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የዝናብ ጠብታ ራቁት አፈር ላይ ሲያርፍ የአፈሩን ትንንሽ እንክብሎች ይሰባብራቸዋል። የደቀቀው አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሲደርቅም እንደ ቆዳ ይጠነክራል። በተሸላሚው መደብ ውሃው አልሰረገም፤ ከላይ ያለውን ምርጥ አፈር ይዞ ወደ መተላለፊያው ፈሰሰ። በኋላ የተዘራው ካሮት ያንን ቆዳ ሰብሮ መውጣት አቅቶት እዚያው ከሥር ቀረ። አጥሩ ሥር ያለው መደብ ደግሞ የወረደውን ሁሉ ጠጣ።

በወቅቱ መጨረሻ ማን ተሸለመ? የተሰነጣጠቀው መደብ! በእኛ ጭብጨባ፣ በዚህ አዳራሽ! ለእማማ የተጻፈው ደብዳቤም እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ በመዝገባችን ውስጥ አለ።

ይህ የአንዲት እናት ጥበብ ብቻ አይደለም። ቻርለስ ዳርዊን በሕይወቱ ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ የብዙ ዓመት ምርምሩን ያሳተመው ስለ ምድር ትል ነው። በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች በአንድ ኤከር፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ባነሰ ቦታ፣ በየዓመቱ ከ10 ቶን በላይ አፈር በትሎች ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ ገምቷል። ያንን ሁሉ ሥራ ያለ ደመወዝ የሚሠራልንን ፍጥረት ቀለቡን እያቃጠልንበት ነው። የራቁት አፈርን መጨረሻ ማየት የሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች የሆነውን ያንብብ። አፈሩን ይዞት የነበረው ሣር ታርሶ ጠፋ፣ ድርቅ መጣ፣ ነፋስ አፈሩን አነሣው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ቀኑ በአቧራ ጨለመ፤ «ጥቁር እሑድ» ይሉታል። የእኛ መደብ ትንሽ ቢሆንም አፈሩ የሚጠፋበት መንገድ ያው ነው።

«ቅጠል ካለበሳችሁት በሽታና ተባይ ይደበቅበታል» የምትሉ አላችሁ፤ ተገቢ ስጋት ነው። በሽታ ያለበትን ግንድና ዘር የያዘ አረም መደብ ላይ አንጎዝጉዝ። ጤነኛው ግን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፍ፤ ከችግኙ ግንድ ጥቂት ጣት ይራቅ፣ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። ዘር በተዘራበት መስመር ላይ ቡቃያው ከፍ እስኪል አይነጠፍ። ቀንድ አውጣ የበዛበት ሰው በእርጥብ ወቅት ያሳሳው፣ ማለዳም እየገለጠ ይልቀም።

የተረፈው ኮምፖስት፣ ማለትም ተከምሮ በስብሶ ማዳበሪያ የሚሆን፣ ይሁን። ደረቅ ቅጠል ካርቦን፣ እርጥብ አረንጓዴው ናይትሮጅን ይሰጣል፤ በመጠን ደረቁ ሁለት ሦስት እጥፍ ቢሆን ይስማማል። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት እጃችሁን ካረጠበ ግን ካላንጠባጠበ እርጥበቱ በቂ ነው። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ካመጣ አየር አጥቷል፤ በመንሽ ገልብጡት፣ ደረቅ ጨምሩበት። ክምሩ ቢያንስ በየጎኑ አንድ ሜትር ከሆነና በደንብ ከተገላበጠ መካከሉ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ በዚያ ሙቀት ቀናት ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል። እሳት እንዲያጠፋልን የምንፈልገውን ክምሩ ራሱ ያጠፋዋል!

አሁን ወደ ተሰጠኝ ርእስ። ስለ ውሃ፦ በየማታው ላዩን ማርጠብ ሥሩን ወደ ላይ ይጠራዋል። ጣታችሁን ወደ አፈሩ ስደዱ፤ ከታች ደርቆ ስታገኙት ብቻ አጥግባችሁ አጠጡ፣ በጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን።

ስለ ተባይ፦ ክሽክሽ፣ ያንን የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ባያችሁ ቁጥር ወደ መርጫ አትሩጡ። ናይትሮጅን የበዛበት ለስላሳ ቅጠል ክሽክሽን ይጋብዛል፤ ከማዳበሪያው ከረጢት እየዘገንን ስንበትን የምንጋብዘው እኛው ነን። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ በል ናት። ጥቁርና ረዘም ያለው፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለበት እጭም ልጇ ነው፤ ተባይ መስሏችሁ አትግደሉት። መርዙ መጀመሪያ የሚጨርሰው እነሱን ነው፤ ክሽክሹ ግን ቶሎ ይመለሳል።

ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ እየተፈራረቁ በአንድ መደብ አይተከሉ፤ ሦስት ዓመት ያህል ሌላ ነገር ይግባበት። ዘርን በተመለከተ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ የቆየውን ከመዝራታችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ማብቀሉን ፈትኑ።

ሰብሳቢያችን፣ ጊዜዬን እንደጨረስኩ አውቃለሁ። ሦስት ሐሳብ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ ከፊታችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ። የማቃጠያው ቦታ ይዘጋና በስፍራው ሁላችንም የምንጠቀምባቸው ሦስት የኮምፖስት ማጠራቀሚያዎች ይሠሩ። ሽልማቱ የሚሰጠው አፈሩ ተሸፍኖ ለከረመ መደብ ይሁን፤ ዳኞቹም ከላይ አይተው ከማለፍ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ይንኩ። ለእማማ የተጻፈው ደብዳቤ ይሻር፤ መሻሩም በማኅተም ተረጋግጦ ቤታቸው ድረስ ይድረሳቸው።

ከስብሰባው በፊት የመጀመሪያው ሐሳብ ለሚቀጥለው ወቅት ይተላለፍ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። እስከዚያ የዘንድሮው ቅጠል አመድ ይሆናል። ስለዚህ ሦስቱም ዛሬ፣ አሁን ድምፅ እንዲሰጥባቸው እጠይቃለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ።