የኔታ፣ ስምዎ ሳርናት ቀርቷል

እሺ። እየቀዳ ነው።

ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር የማወራው። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን አልረሳሁትም፤ ለሚቀጥለው ይቆየን። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ይቺን ነገር ካላወጣኋት ሌላ ነገር ማውራት አልችልም።

ሳርናት ነው፣ ሕንድ ውስጥ። አዎ፣ አሁንም ቫራናሲ ከተማ አጠገብ።

ያንን ክፍል ልንገራችሁ። ረጅም ጠረጴዛ አለ። ሸምገል ያሉ የቲቤት መነኩሴ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ከላዳክ፣ ከሕንድ ሰሜን ተራሮች፣ የመጣ ወጣት ተማሪ አለ። ልጁ በቲቤትኛ አንድ መስመር ያነባል። እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ያንኑ መስመር ቀስ ብለው በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ ይሉታል። ልጁ ይጽፋል። አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እውነቴን ነው፣ አሥር ደቂቃ አንድ ቃል ላይ። በመጨረሻ "ክፍት ተወው" አሉት። ልጁ ቦታውን ክፍት አድርጎ አለፈ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ የቡድሃ ትምህርት መጻሕፍት መጀመሪያ የተጻፉት በሳንስክሪት ነበር። ሕንድ ውስጥ ገዳማቱ ሲጠፉ መጻሕፍቱም አብረው ጠፉ። ቲቤቶች ግን ቀድመው ተርጉመዋቸው ነበር። አተረጓጎማቸው ደግሞ እንደዋዛ አልነበረም። በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ንጉሡ አዝዞ መዝገበ ቃላት ተሠራ። ለእያንዳንዱ የሳንስክሪት ቃል ይህ የቲቤት ቃል ይሁን ተባለ። ስለዚህ ዛሬ መንገዱን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ከትርጉሙ ተነስቶ የጠፋውን ምንጭ መፈለግ። ልጅ ይዞ እናቱን ማፈላለግ ማለት ነው።

"ይሄ ቃል እሱ ራሱ መሆኑን እንዴት ያውቃሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። መነኩሴው ፈገግ አሉ። "አንዳንዴ አናውቅም" አሉኝ።

ወደዚያች ደቂቃ እመጣለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

ቦታው ራሱ እኮ ያስገርማል። ቡድሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው እዚያ ነው፣ ሳርናት። ተማሪዎቹ ስንት ነበሩ? አምስት። አምስት ሰው ብቻ! በ7ኛው መቶ ዘመን ከቻይና የመጣው ተጓዥ መነኩሴ ሹዋንዛንግ ሲደርስ 1,500 መነኮሳት አገኘሁ ብሎ ጽፏል። ከዚያ ፈረሰ፣ ተረሳ። በ1794፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው፣ የቫራናሲ ባለሥልጣን የነበረው ጃጋት ሲንግ ለሚያሠራው ሰፈር ጡብ ፈለገ። አንዱን ትልቅ ስቱፓ፣ ጉልላት የሚመስለውን የቡድሂስቶች ቅዱስ ሐውልት፣ አስፈረሰው። ውስጡ የድንጋይ ሣጥን ተገኘ። በሣጥኑ ውስጥ አጥንት ነበር። አጥንቱን ጋንጅስ ወንዝ ውስጥ ጣሉት።

ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ክፋት እንኳ አይመስለኝም። የሚያነብላቸው ሰው አልነበረም፣ በቃ። ድንጋይ አዩ፣ ጡብ አዩ።

አሁን ዳሜክ የሚባለው ስቱፓ ቆሟል። ቁመቱ 43 ሜትር ገደማ ነው። ተሳላሚው ከስሪላንካ፣ ከታይላንድ፣ ከጃፓን ይመጣል። በቀኝ እየዞረ ይጸልያል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያ የነገርኳችሁ ክፍል ያለበት የቲቤት ከፍተኛ ጥናት ተቋም አለ። የቲቤቶች መንፈሳዊ መሪ ዳላይ ላማ በ1959 ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ያኔ የቲቤት ሽማግሎች በስደት እያረጁ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ቋንቋውን እየረሱ። ዳላይ ላማ ከሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከኔህሩ ጋር ተመካከሩ። ተቋሙ በ1967 ሳርናት ላይ ተከፈተ። ከስደተኞቹ ልጆች ሌላ ከላዳክ፣ ከሲኪም፣ ከሂማላያ ጠረፍ ሁሉ ወጣቶች ይማሩበታል። ፍልስፍና አለ፣ የቲቤት ሕክምና አለ፣ ሥዕል አለ፣ ኮከብ ቆጠራ ሳይቀር አለ።

አያቴ ግሸን ስትሄድ ትዝ አለኝ። መስከረም 21። ስትመለስ ስለ ታቦቱ ብቻ አልነበረም የምታወራው። ስለ ቆሎ ተማሪዎቹ ታወራ ነበር። "ቁራሽ ሰጥቼ መጣሁ" ትላለች። ለሷ መሳለምና ተማሪ ማብላት አንድ ነገር ነበር። እኔ ያኔ አልገባኝም። አሁንም... እንጃ፣ ገባኝ ማለት ይከብደኛል።

እሺ፣ ደቂቃዋ።

መነኩሴው "የየት አገር ሰው ነሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ እኔ ሳልጠየቅ ቀጠልኩ። መጽሐፈ ሄኖክን አነሳሁ። በጥንታዊው የአራማይክ ቋንቋ ነው የተጻፈው አልኳቸው፣ ዛሬ ከሙት ባሕር ዋሻዎች የተገኘ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለው። በግሪክ በኩል ወደ ግዕዝ ተተረጎመ። ሙሉው የቀረው ደግሞ እኛ ጋ ብቻ ነው። ስናገር ደረቴ ተነፋ፣ አልዋሻችሁም። ልጁ እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ።

መነኩሴው ጎንበስ አሉ። "አገራችሁ ውስጥ፣ ከግዕዙ ተነስቶ ወደ አራማይኩ የሚመልስ ሰው አለ?"

"አለ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሊኖር ይችላል እኮ! እኔ ግን አላውቅም ነበር። "አላውቅም" ማለት እችል ነበር። እሳቸው አሁን "አናውቅም" ብለውኝ የለ? አጠገቤ ነው ያሉት። እኔ ግን "አለ"።

ፊታቸው በራ። እንዴት እንደበራ ልነግራችሁ አልችልም። ዘመድ ያገኘ ሰው ፊት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደኔ ገፋ አደረጉ። "ስሙን ጻፊልኝ። በፊደላችሁ ጻፊው።"

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ማን ብዬ ልጻፍ? ወጣቱ እያየኝ ነው። እጄ ራሱ የጻፈ ይመስለኛል። የኔታን ጻፍኩ። የልጅነቴን የኔታ። ሀ ሁ ያስቆጠሩኝን። ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ግዕዙን እንደ ውኃ ነበር የሚጠጡት፣ ቅኔ ቆጥረዋል። አራማይክ ግን... አይ፣ አራማይክ አያውቁም።

መነኩሴው ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት።

በቃ፣ ይሄው ነው። ማንም አልተጎዳም ትሉኛላችሁ። እኔም ለራሴ እንደዚያ ስል ነበር የከረምኩት። አንዳንዴ ደግሞ ደስ ይለኛል። የኔታ የትም ያልተጻፈ ስማቸው እዚያ፣ መጻሕፍት መሃል አለ። አንዳንዴ ግን ያ ክፍት የተተወ ቃል ትዝ ይለኛል። ባዶ ቦታ መተው ይቻል ነበር ማለት ነው።

ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። "ክቡር መምህር" ይላል። ሦስተኛ መስመር ላይ ቆሟል። እውነቱን ብነግራቸው፣ ቀጥለው "ታዲያ ማን አለ?" ይሉኛል። ያ ነው የሚያስፈራኝ። እናቴን ጠይቄያታለሁ፣ ከየኔታ ተማሪዎች ቅኔውን የቀጠለ አለ ወይ ብዬ። አንዱን ልጅ ታስታውሰዋለች። ነገ ጠይቃ ትደውልልኛለች።

ግን ይሄውላችሁ፣ ሌሊት ያስነሳኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስማቸውን ነው የጻፍኩት? ወይስ "የኔታ" ብቻ? እኛ እኮ በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም። እጄን ለማስታወስ እየሞከርኩ ነው። የ "የ"ን ቀለበት አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን...

ቆይ፣ ስልኬ እየጠራ ነው። እናቴ ናት።