ተከራይ ሳይናገር ቢጠፋ አከራይ ምን ማድረግ ይችላል?

[ምስል፦ የተቆለፈ የኮንዶሚኒየም በር]

የኪራዩ ቀን አልፏል። ስልኩ አይሠራም። የግቢው ጥበቃ «ባለፈው ሌሊት አይሱዙ መጥቶ ዕቃ ሲጭን አይቻለሁ» ይላል፤ ጎረቤቷ ደግሞ «ፍሪጁ እኮ አሁንም ውስጥ ነው» ትላለች። ቁልፉ ደግሞ ከተከራዩ ጋር ሄዷል።

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ብዙ አከራይ መጀመሪያ የሚደውለው ለቁልፍ ሠሪ ነው። የዛሬውን ቪዲዮ የሠራሁት እሱን ስልክ ለማስቀረት ነው። ሕጉ ለአከራዩ በቂ የገንዘብ መብት ሰጥቶታል፤ በሩን በገዛ እጁ የመስበር መብት ግን አልሰጠውም።

ውሉ እስኪፈርስ ድረስ ቤቱ የእናንተ ንብረት፣ የተከራዩ ደግሞ መኖሪያ ነው። ሰውየው ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ ለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄዶ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ በሩ ተሰብሮ ቢያገኘውስ? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 604 የሰው መኖሪያ መድፈርን ይቀጣል። ከዚያ ደግሞ «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ወርቅ ነበረኝ» የሚለው ክርክር ይመጣል። ወርቁ ነበረም አልነበረም፣ ብቻችሁን ገብታችሁ ከሆነ ማስረጃ የላችሁም። የአንድ ወር ኪራይ ልታስመልሱ ብላችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

[ምስል፦ የስልክ መልእክት ሲጻፍ]

ስለዚህ በማስጠንቀቂያ ጀምሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 ውሉን ባልፈጸመው ወገን ላይ መብት ከመጠየቃችን በፊት እንድናስጠነቅቀው ያዛል። የጠፋን ሰው እንዴት ነው የማስጠነቅቀው? አንቀጽ 1773 ለዚህ ብዙም አያስጨንቅም፤ በጽሑፍ፣ ወይም ውሉ እንዲፈጸምላችሁ መፈለጋችሁን በሚገልጽ ሌላ ተግባር ይበቃል። በስልኩ መልእክት ላኩ፣ በቴሌግራም ላኩ፣ ወረቀቱን በሩ ላይ ለጥፋችሁ በሁለት ጎረቤት ፊት ፎቶ አንሱ። ውሉ ላይ የጻፈው የሥራ ቦታ ካለም አድርሱ። በማስጠንቀቂያው ላይ ቀን ቁረጡ፦ እስከዚህ ቀን ካልቀረብክ ውሉን አፈርሳለሁ፣ ቤቱም እንዲከፈት ለፍርድ ቤት አመለክታለሁ።

ቀኑ ካለፈ ለፍርድ ቤት የምታቀርቡት አቤቱታ ቀጥተኛ ይሁን፦ ውሉ ይፍረስልኝ፤ ቤቱ ፖሊስና ታዛቢ ባሉበት ተከፍቶ የተገኘው ዕቃ ይቆጠር፤ ዝርዝሩ ተፈርሞበት ንብረቱ ፍርድ ቤቱ በሚያዘው ቦታ ይቀመጥ። ጊዜ ይወስዳል፣ አልዋሻችሁም። ግን የተፈረመው ዝርዝር የወርቁን ክርክር ከመጀመሪያው ይዘጋዋል። ዕቃውን ለዕዳዬ ብሎ መሸጥም ያለ ፍርድ ቤት አይሞከርም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

[ምስል፦ ካልኩሌተር]

ብዙ አከራይ «ቅድሚያ ክፍያውን እወርሰዋለሁ» ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ማለት ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ከልክሏል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ሰውየው እስከ የትኛው ቀን ከፍሏል የሚለው ነው።

በቁጥር እንየው። ኪራዩ በወር 15,000 ብር ነው እንበል። ተከራዩ እስከ ጥቅምት 30 ከፍሎ በ20 ጠፋ። እናንተ ቤቱን አስከፍታችሁ ኅዳር 25 አዲስ ተከራይ ካስገባችሁ፣ ያጣችሁት የ24 ቀን ኪራይ 12,000 ብር ነው። በዚያ ላይ ያልተከፈለ የውሃ ሒሳብ ካለ ጨምሩ፤ ቆጣሪው በእናንተ ስም ስለሆነ ድርጅቱ የሚያውቀው እናንተን ነው። የተሰበረ መስኮትና የተነቀለ ቧንቧም ይጨመራል፣ ሲገባ የነበረበትን ሁኔታ የሚያሳይ ነገር ካላችሁ።

አዋጁ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ስለሚል «እንግዲያው የቀሩትን 18 ወራት ኪራይ ልጠይቅ» የሚል አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1802 ይህን አይወድም። ተጎጂው ጉዳቱ እንዲቀንስ ተገቢውን ሁሉ ማድረግ አለበት ይላል። ቤቱን ዘግታችሁ ሒሳብ ስታጠራቅሙ ብትቆዩ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ለምን አላከራየኸውም?» ብሎ ነው። ደላላ ጋር የተጻጻፋችሁትን፣ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አስቀምጡ።

አንድ መራራ ነገር ልናገር። ግብር ለመቀነስ 15,000 እየተቀበሉ ውል ላይ 6,000 የሚያስጽፉ አሉ። እንዲህ ያደረገ ሰው በ6,000 ሒሳብ ለመከራከር ይዘጋጅ፤ ራሱ የፈረመበትን ወረቀት በምስክር ማፍረስ ከባድ ነው። አዋጁ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዘዘው ለመንግሥት ብቻ የሚጠቅም ይመስላል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግን የባንኩ መግለጫ የአከራዩ ዋና ምስክር ነው።

[ምስል፦ የዋስትና ወረቀት]

ዋስ ያላችሁ ደግሞ ወረቀቱን አሁኑኑ አውጡና አንብቡት። «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብቻ ይላል? እንግዲያው ችግር አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ ዋስ እንደሆነ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «እስከ 60,000 ብር» የምትለው አንድ ሐረግ ናት ወረቀቱን የምታድነው። «በአንድነትና በተናጠል» የሚል ከተጨመረበት ደግሞ የጠፋውን ሰው ሳትፈልጉ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ትችላላችሁ።

ዋስ ከሌለስ? ተከሳሹ አለመገኘቱ ክሱን አያስቀረውም። አድራሻው ከጠፋ ፍርድ ቤቱ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል፤ አዲስ ዘመን ላይ የምታዩዋቸው መጥሪያዎች እንዲህ ያሉ ናቸው። በቀጠሮው ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ፍርዱን በኋላ ከሰማ፣ ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርቦ ይነሳልኝ ማለት ይችላል።

ለ12,000 ብር ግን የጋዜጣው ዋጋ፣ የዳኝነቱ ክፍያና የምትመላለሱበት ቀን ተደምሮ ያዋጣል ወይ? በእኔ አስተያየት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ዋስ ካለ ዋሱን ክሰሱ። ዋስ ከሌለ ቤቱን በሕግ አስከፍታችሁ፣ ዕቃውን አስቆጥራችሁ፣ በቶሎ አከራዩት፤ የገንዘቡን ክስ የሰውየው አድራሻ ወይም ደመወዝ የሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ሲታወቅ ታቀርቡታላችሁ።