የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ

ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬም የምናገረው ስለ እርሾ ነው። በጥቁር ጋናቸው ጠላ ከሚጠምቁት ከእትዬ ጋር የተነጋገርነው ነገር ስላልለቀቀኝ ሌላ ርእስ ይዤ ልመጣ አልቻልኩም። የጥቁሩን ጋን ወሬ የምትወዱ ሁሉ ደስ ሊላችሁ ይችላል፤ በእኔ በኩል ግን መደነቅና ሐሳብ ተደባልቀውብኛል።

ማይክሮስኮፑን ጣናን በሚያየው መስኮት አጠገብ አስቀምጬ፣ ከጥንስሱ የጨለፍኩትን ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጌ እትዬን ጠራኋቸው። አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። አንዳንዱ ሕዋስ ለብቻው ቆሟል፣ አንዳንዱ በጎኑ ትንሽ እንቡጥ አውጥቷል፣ የአንዳንዱ እንቡጥ ደግሞ እናቱን ሊያህል ደርሷል። ከዚያም ቀና ሳይሉ፣ «ይቺ ትንሿ መቼ እንደምትለይ ማን ነው የሚነግራት?» አሉኝ። «ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ እትዬ» አልኩ። «እሱንስ ማን ይነግረዋል?» ሳይክሊን የሚባል ፕሮቲን ሲጣበቅበት እንደሚነቃ ነገርኳቸው። «ሳይክሊኑንስ?» ከእሱ የሚቀድም ሌላ ሳይክሊን እንዳለ፣ ለዚያም ሌላ ቀስቃሽ እንዳለው ተናገርኩ። እሳቸው መጠየቃቸውን አላቆሙም፤ እኔም መጨረሻ ላይ፣ «ማንም አይነግራቸውም፤ እርስ በርሳቸው ነው የሚነጋገሩት» አልኩ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ አዛዥ የሌለው ነገር እንዲህ ሥርዓት አይይዝም» ብለው ወደ ጋናቸው ሄዱ።

መልሴ እውነት ነው፤ ዛሬም ብጠየቅ ከዚያ የተለየ አልልም። ሆኖም «ማንም» ካልኩ በኋላ የነበረውን ዝምታ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ጥያቄያቸው እኮ የእርሾ ሳይንቲስቶች የኖሩበት ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተነሣው እትዬ ካዩት ከዚያው እንቡጥ ነበር። የእንቡጡ መጠን ሕዋሱ ከመከፋፈል ዑደቱ የት እንደደረሰ ይናገራል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ሙቀት የሚያድጉ፣ ሙቀቱ ወደ 36 ዲግሪ ሲወጣ ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅርጽ ላይ የሚቆሙ ሕዋሳትን እየለየ፣ መከፋፈልን የሚመሩትን ጂኖች አንድ በአንድ አወጣቸው። ከእነዚህ አንዱ ለእትዬ የነገርኳቸውን ካይኔዝ የሚያስገኘው ሲዲሲ28 ነው፤ እሱ ካልሠራ እንቡጥም አይወጣም፣ ዲኤንኤም አይባዛም።

ሌላው ሲዲሲ7 ነው፤ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ይህ ጂን የተበላሸበት ሕዋስ በሙቀት ሲያዝ ለመባዛት የሚያስፈልገውን ሁሉ አሰናድቶ ደጃፉ ላይ ይቆማል። ቅዝቃዜው ሲመለስለት አዲስ ፕሮቲን መሥራት እንኳ ሳያስፈልገው ዲኤንኤውን ማባዛት ይጀምራል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የሕዋሱን ጉልበት ከሚሸከመው ከኤቲፒ የሚወሰድ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካል በተገቢው ፕሮቲን ላይ መቀመጡ ነው። ካይኔዝ ሥራው ይኸው ነው፤ ፎስፌት አንሥቶ ማስቀመጥ።

እንግሊዛዊው ፖል ነርስ በሌላ ዓይነት እርሾ ላይ፣ መሐሉን ለሁለት ሰንጥቆ በሚከፈለው ላይ፣ የሲዲሲ28ን አቻ ካይኔዝ አገኘ። ያ እርሾ በ1890ዎቹ የተለየው ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጣ የእህል ጠላ ነው። ይህን ለእትዬ አልነገርኳቸውም፤ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። በ1987 ነርስና ሜላኒ ሊ የዚህ ካይኔዝ የራሱ ጂን በማይሠራለት በዚያ እርሾ ውስጥ የሰውን አቻ ጂን ሲያስገቡ እርሾው መከፋፈል ቀጠለ። በሰውና በእርሾ መካከል አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ አለ። ሃርትዌል፣ ነርስና ሳይክሊንን ያገኘው ቲም ሀንት በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከርእሴ ሸሸሁ መሰለኝ፤ እመለሳለሁ።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው፦ መባዛትን የሚያስጀምረውና ዳግም መባዛትን የሚከለክለው ካይኔዝ አንድ ነው፤ የሲዲሲ28ቱ። እርሾው 16 ክሮሞዞሞች፣ 12 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። መባዛት የሚጀምረውም በመቶዎች ከሚቆጠሩ ቦታዎች ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ በአንድ ዑደት ከአንድ ጊዜ በላይ መነሣት የለበትም። የካይኔዙ ኃይል ዝቅ ባለበት ወቅት ኤምሲኤም የተባለው ዲኤንኤ ፈታች የፕሮቲን ቀለበት በእነዚህ ቦታዎች ላይ ይጫናል፤ ተጭኖም ዝም ይላል። ኃይሉ ሲነሣ ሲዲሲ7 ቀለበቱን በፎስፌት ያነቃል፤ የሲዲሲ28 ካይኔዝ ደግሞ ኤስኤልዲ2 እና ኤስኤልዲ3 በተባሉት ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት ያስቀምጣል፤ ያን ጊዜ ማባዣው ይገጣጠማል። ግን ያው ካይኔዝ በዚያው ኃይሉ ጫኞቹን ያሰናክላቸዋል፤ ሲዲሲ6 የተባለው ጫኝ እንዲፈርስ፣ ያልተጫነው ኤምሲኤምም ዲኤንኤው ካለበት ከኒውክሊየስ እንዲወጣ ያደርጋል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገረው ጀልባ ሰው የሚጭነው ከወደቡ ሳይለቅ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሰው በዚያው እጁ መጫኑን ይዘጋል።

ክልከላው አንድ ብቻ አይደለም። በ2001 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች በሦስት ፕሮቲኖች ላይ ያሉትን ክልከላዎች በአንድነት ሲያነሡ፣ እርሾው ሳይከፋፈል የዲኤንኤውን ክፍል ዳግም ማባዛት ጀመረ። ሦስት መቆለፊያ ለአንድ በር ማብዛት ይመስላል፤ ሕዋሱ ግን ማብዛት አላለውም። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምደሰት ነበርኩ፤ አሁን ግን እያነበብኩ ዝም እላለሁ፤ ምክንያቱም በሰው አካል የዚሁ ቤተሰብ ካይኔዞች ልጓማቸው ሲላላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከ2015 ጀምሮ ለጡት ካንሰር የሚሰጡት አንዳንድ መድኃኒቶች የሚያግዱት እነዚህኑ ካይኔዞች ነው። እርሾ ላይ የተጀመረው ነገር የታመመች ሴት አልጋ አጠገብ ደርሷል። ካንሰርን ግን በአንድ ካይኔዝ ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ በዚህ ላይ ከዚህ በላይ ለመናገር አልደፍርም።

ወደ ሰንሰለቱ ልመለስ። መባዛት የሚያስጀምረውን ካይኔዝ ሲክ1 የሚባል ፕሮቲን ይዞ ያቆየዋል። ቀድሞ የነቃ ሌላ የካይኔዝና የሳይክሊን ጥንድ በሲክ1 ላይ ፎስፌት ይደረድራል፤ ሲክ1ም ፎስፌቱ ሲበዛበት ይፈርሳል፤ የታሰረው ይፈታል። ያ ቀድሞ የነቃውስ? የሳይክሊኑን ጂኖች ዊ5 የሚባል ሌላ ፕሮቲን እንዳይሠሩ ይዟቸው ነበር። ዊ5ን ማን ያነሣዋል? በ2015 የወጣ ጥናት ሕዋሱ ሲያድግ ዊ5 ስለማይጨምር እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲሳሳ በሩ ይከፈታል አለ። ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ አዛዥ ባይኖርም ማደግ ራሱ ያዝዛል ማለት ነውና። በኋላ የወጡ መለኪያዎች ግን ዊ5 እንደተባለው አይሳሳም አሉ፤ ሌሎቹም የሚወስነው ከልካዩ መሳሳቱ ሳይሆን ክሊን3 የተባለው አንቂ መጨመሩ ነው ይላሉ።

ይህ ለእኔ ተራ የላቦራቶሪ ክርክር አይደለም። ሕዋሱ በቃኝ፣ አድጌአለሁ የሚለው በከልካዩ ማነስ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በአንቂው መብዛት ከሆነ ሌላ ነው። ሁለቱም አብረው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ ምግብ ሲያጥርና ሲትረፈረፍ የትኛው እንደሚያመዝን የሚለካው ሰው ሁለቱንም በአንድ ሕዋስ ውስጥ በአንድ ጊዜ መከታተል ይኖርበታል፤ ያን ጊዜም እንኳ «ማንም» የሚለውን ቃል እመርጥ እንደሆነ፣ ወይስ…